ከሐረጎ እስከ ጉጉፍቱ፦ ቀላሉ ሃርድቴይል ለወሎ መንገድ ይሆናል ወይ?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው የሐረጎን ዳገት ሳይወጣ ደሴ አይገባም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2500 ሜትር ገደማ። ይህን ከፍታ በእግሩ እየረገጠ ለሚወጣ ሰው አንድ ኪሎ ብረት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ከኋላ ሾክ የሌለው፣ ከፊት ብቻ ሾክ ያለው፣ ሃርድቴይል የሚባለው ቀላል የተራራ ብስክሌት ለዚህ አገር የተሠራ የሚመስለውም ለዚህ ነው። በአብዛኛው እውነት ነው፤ ጥሩ ብስክሌት ነው። ነገር ግን ቅለቱ ከየትኛው ዕቃ ላይ እንደተቀነሰ ሳይታይ ከተገዛ፣ ዳገት ላይ የተረፈው ጉልበት ቁልቁለት ላይ በፍሬንና በጎማ ይከፈላል።

እዚህ የሚገመገመው የአልሙኒየም ቴላዮ፣ 29 ኢንች ጎማ፣ 100 ሚሊ ሜትር የሚሠራ የአየር ሾክ፣ ከፊት አንድ ባለ ጥርስ ክብ፣ ከኋላ 12 ማርሽ ያለው መደብ ነው። ጃይንት፣ ትሬክ፣ ስፔሻላይዝድ፣ ስኮትና ሜሪዳ ሁሉም በዚህ መደብ ብስክሌት አላቸው። ማርሹና ፍሬኑ ብዙ ጊዜ የሺማኖ ወይም የስራም ስለሆነ፣ ቴላዮው ላይ ከተጻፈው ስም ይልቅ የተገጠመለትን ዕቃ መመርመር ይጠቅማል። እንዲህ ያለው ብስክሌት በአልሙኒየም ከ12 እስከ 13 ኪሎ፣ በካርቦን ከ10 እስከ 11 ኪሎ ይመዝናል። ለወሎ የትኛው ይሻላል ቢባል፣ ያለ ማመንታት አልሙኒየሙ። ካርቦን በራሱ ደካማ ሆኖ አይደለም። ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ስንጥቁ ከቀለም ሥር ይደበቃል፣ ጥገናውም የተለየ ባለሙያ ይፈልጋል። አልሙኒየም ግን ቢጎዳ ጉዳቱ በዓይን ይታያል።

የኋላ ሾክ አለመኖሩ እንደ ጉድለት የሚቆጠርበት ቦታ አለ፤ እዚህ ግን ትልቁ ጥቅሙ ነው። ባለ ሁለት ሾክ ብስክሌት የኋላ እግሩ የሚታጠፍባቸው ብዙ ኩሽኔታዎች አሉት። የበጋው አቧራና የክረምቱ ጭቃ እነዚያን ኩሽኔታዎች ሲበሉ ምትኩን ከቅርብ ማግኘት ከባድ ነው። በርካሹ የሚሸጡት ባለ ሁለት ሾክ የብረት ብስክሌቶች ደግሞ ከዚህ ይብሳሉ፤ ከባድ ናቸው፣ ዳገት ላይ በተረገጡ ቁጥር እየተወዛወዙ ጉልበት ይበላሉ። ሃርድቴይል ላይ የተረገጠው ሁሉ ወደ ጎማ ይሄዳል። በምትኩ ጀርባና ወገብ ድንጋዩን ይሰማሉ፤ ከኮርቻው ትንሽ ብድግ ብሎ፣ ጉልበትና ክርን አጠፍ አድርጎ መውረድን መልመድ የግድ ነው።

ወደ ዳገቱ እንምጣ። የሺማኖ ዲኦሬ ኤም6100 የኋላ ካሴት፣ ማለትም የኋላ ማርሾቹ ድርድር፣ ከ10 እስከ 51 ጥርስ አለው። ፊት ለፊቱ 32 ጥርስ ከተገጠመ፣ በመጨረሻው ቀላል ማርሽ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቱ 1.43 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ለሚረግጥ ሰው ይህ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሐረጎ አስፋልት ይበቃል፣ ይተርፋልም። የጦሳን ተራራ በእግር መንገዱ ለሚወጣ ወይም በጉጉፍቱ ደጋ በኩል ወደ ወረኢሉ ለሚሻገር ግን ከፍታው ራሱ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር የፊቱን ወደ 30 ጥርስ መቀየር ይመከራል። ያኔ አንድ ዙር 1.34 ሜትር ይሆናል። የሚታጣው ቁልቁለት ላይ ያለው ፍጥነት ነው፤ በ30 እና በ10 ጥርስ፣ በደቂቃ 90 ጊዜ እየረገጡ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ይኬዳል፤ ከዚያ በላይ እግር ባዶውን ይዞራል። በሐረጎ ኩርባዎች ላይ ከዚያ በላይ መርገጥ የሚያስፈልገው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። 34 ጥርስ ተገጥሞለት የመጣ ብስክሌት ግን ሜዳ ላይ ለሚወዳደር ሰው የታሰበ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ይቀየር።

ፍሬን ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ማጥፋት ተገቢ ነው፤ ቀላል ብስክሌት የሚሸጡ ሰዎች ክብደት የሚቀንሱት እዚህ ላይ ነውና። ብዙዎቹ ከፊትም ከኋላም 160 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይዘው ይመጣሉ። አጭር ቁልቁለት ላለበት አገር ይበቃል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ቁልቁለት ግን ረጅም ነው፤ ኩርባው ብዙ፣ ከፊትም ከኋላም ሲኖትራክና አይሱዙ ያለበት ነው። የፊቱን ዲስክ 180 ሚሊ ሜትር ማድረግ ጥቂት ግራም ብቻ ይጨምራል፤ ሾኩ 180 እንደሚቀበል አይቶ፣ የፍሬኑን አካል ወደ ላይ የሚያነሳውን መግጠሚያ ጨምሮ መግዛት ነው።

የፍሬኑ ሸራ ዓይነትም አለ። ሬዚን የሚባለው ለስላሳው ሸራ ጸጥ ያለና ገና ሳይሞቅ የሚይዝ ነው፤ ነገር ግን ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይንሸራተታል፣ ጭቃ ውስጥም ቶሎ ያልቃል። ብረት የተቀላቀለበት ሸራ ሙቀት ይችላል፣ ይቆያልም፣ ድምፁ ግን ያስቸግራል። እዚህ ጋ አንድ ስህተት ይበዛል። ርካሽ ዲስኮች ላይ ከሬዚን ሸራ በስተቀር እንዳይገጠም የሚል ጽሑፍ አለ፤ እነዚህ ላይ የብረት ሸራ ከተገጠመ ዲስኩን ይቦረቡረዋል። ሸራውን የሚቀይር ዲስኩንም ይቀይር። ከሺማኖ ዲስኮች አርቲ66 በስድስት ቡሎን የሚታሰረው፣ አርቲ64 በመሃል ቀለበት የሚታሰረው ሲሆን ሁለቱም የብረት ሸራ ይቀበላሉ።

አወራረዱም የብስክሌቱ ዕድሜ ነው። ማኔላውን ከላይ እስከ ታች ጨብጦ መውረድ ዲስኩን ያቃጥላል። ከኩርባው በፊት በሁለቱም ፍሬን ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ ዲስኩ ንፋስ እንዲያገኝ መተው ነው። ማኔላው ወደ መሪው እየቀረበ ከሄደ፣ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም ዲስኩ ወደ ሰማያዊና ቡናማ መልክ ከተለወጠ መቆም ነው፤ ውሃ አይደፋበትም፣ ጥላ ውስጥ ራሱ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በኋላ ሸራው እንደ መስታወት ሲያብለጨልጭ ከተገኘ በብርጭቆ ወረቀት እስኪደበዝዝ ይፈገፈጋል። ዘይት የነካው ሸራ ግን ቢፈገፈግም አይመለስም፤ ይጣላል። የሸራው ውፍረት ያለ ብረቱ 0.5 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ጊዜው አብቅቷል።

የፍሬን ዘይት ነገር ደግሞ በየሳምንቱ ብስክሌት የሚያበላሽ ነው። የሺማኖ ፍሬን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው። በየመለዋወጫ ሱቁ የሚገኘው የመኪና ፍሬን ዘይት፣ ዶት የሚባለው፣ ከገባበት ውስጡ ያሉትን ጎሚኒዎች አሳብጦ ያበላሻቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ፍሬኑ በሙሉ ይቀየራል። በአንጻሩ ሌቭል የመሳሰሉት የቆዩ የስራም ፍሬኖች ዶት 5.1 ይጠቀማሉ፣ ዶት 4 ንም ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ደሴ ወይም ወልድያ ላይ ዘይት መፈለግ ችግር አይሆንም። ይህ ትንሽ የማይመስል ጥቅም ነው። ሁሉም የስራም ግን እንዲህ አይደለም፤ ዲቢ8 የሚባለው ማዕድን ዘይት ነው የሚጠቀመው። ማኔላው ክዳን ላይ የተጻፈውን ሳያነብ ማንም ሰው እንዳይከፍተው። ሺማኖ የያዘ ሰው ደግሞ 100 ሚሊ ሊትር ማዕድን ዘይትና የመሙያ ፈንገል ከብስክሌቱ ጋር አብሮ ይግዛ።

ጎማ። ቅለት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቀጭን የውድድር ጎማ ነው፤ ለወሎ ስህተት ነው። የደጋው ድንጋይ ባዝልት ነው፤ ሲሰበር ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፣ የሚቆርጠውም የሚረግጠውን ፊት ሳይሆን የጎማውን ጎን ነው። ወደ ባቲና ወደ ጨፋ ሲወረድ ደግሞ የግራር እሾህ አለ። ስለዚህ 2.25 ወይም 2.35 ኢንች ስፋት ያለው፣ ጎኑ የተጠናከረ፣ አንዱ 700 ግራም ገደማ የሚመዝን ጎማ ይመረጥ። ማክሲስ የተባለው ጎማ አምራች ጎናቸው የተጠናከረላቸውን ኤክሶ ብሎ ይጽፍባቸዋል። ከቪቶሪያ ጎማዎች ባርዞ ለፊት፣ መዝካል ለኋላ ጥሩ ጥንድ ናቸው፤ ባርዞ ለስላሳ አፈር ላይ ይቆነጥጣል፣ መዝካል ደረቅና ጠጠራማ መንገድ ላይ ብዙ ሳይጎትት ይሽከረከራል።

ካላማዳሪያ አውጥቶ ቱብለስ ማድረግ ለዚህ አገር የግድ ነው ብል አላጋነንኩም። ለ29 በ2.25 ጎማ ከ60 እስከ 90 ሚሊ ሊትር ሲላንት የሚባለው ነጭ ፈሳሽ ይገባል፤ ለእሾህ አገር 90 ይሁን። እሾህ ሲወጋ ፈሳሹ ቀዳዳው ላይ ይረጋል። የገባውን እሾህ ወዲያው መንቀል አያስፈልግም፤ ከተነቀለም ቀዳዳውን ወደ መሬት አዙሮ ፈሳሹ እስኪደርስበት ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ነው። ሰፋ ያለውን ቀዳዳ የጎማ ክር በመርፌ እየተጎተተ ይደፍነዋል። የጎን ቁራጭ ግን በክር አይቆምም፤ ከውስጥ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ተደርጎ ካላማዳሪያ ይገባል። ስለዚህ አንድ ካላማዳሪያ ሁልጊዜ ከኮርቻው ሥር ይታሰር። ፈሳሹ በቆላ ሙቀት ቶሎ ይደርቃል፤ በየሁለት ወሩ ጎማውን ጆሮ አጠገብ ነቅንቆ ማዳመጥ ነው። ውሃ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ከሌለ አልቋል።

የንፋሱ መጠን እንደ ሰውየው ነው። 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከፊት 20፣ ከኋላ 23 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) መነሻ ይሁን፤ ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ከተሰማ 2 ይጨመራል። ጎሚስታ ቤት ሄዶ ማስነፋት የሚፈልግ ሰው ግን ሁለት ነገር ይወቅ። የዚህ ብስክሌት ቫልቮላ ቀጭኑ፣ ፕሬስታ የሚባለው ነው፤ የኮምፕረሰሩ አፍ ለመኪና ቫልቮላ ስለሆነ አይገጥምም። ጥፍር የምታክል የናስ መለወጫ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ትኑር። ሁለተኛው፣ የጎሚስታው መለኪያ ለመኪናና ለጭነት መኪና ጎማ የተሠራ ነው፤ 20 እና 28ን አይለይም። ኮምፕረሰሩ የሚጠቅመው አዲስ ቱብለስ ጎማ ቸርኬው ላይ ሲቀመጥ ነው። የቫልቮላው ልብ ወጥቶ ንፋሱ በኃይል ሲገባ ጎማው ቀጭ ቀጭ እያለ ጠርዙን ይይዛል። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ግን ማለፍ የለበትም። ከዚያ በኋላ ልኩ በእጅ መንፊያና በትንሽ መለኪያ ይስተካከላል።

ከፍታው ራሱ ንፋሱን ይቀይረዋል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። አዎ፣ ይቀይረዋል። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ከ3300 ሜትር በላይ ሲወጣ የውጩ አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ላይ 2 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ነገር ግን ደጋው ቀዝቃዛ ነው፤ 13 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 1.5 ያህል መልሶ ይወስዳል። ስለዚህ ላይ ወጥቶ ጎማው ጠነከረ ብሎ ንፋስ የሚያስተነፍስ ሰው ሲመለስ ቸርኬውን ድንጋይ ላይ ይጥላል። ከፍታ በእርግጥ የሚያስቸግረው ሾኩን ነው። ባሕር አጠገብ የተገጣጠመ ሾክ የታችኛው እግሩ ውስጥ የዚያን አገር አየር ይዞ ደሴ ይደርሳል፤ ልዩነቱ ወደ 4 ፒኤስአይ ነው፤ ሾኩም ወደ መጨረሻው ሲወርድ ይደርቃል። ስስ የፕላስቲክ ማሰሪያ ጫፉ ተሞርዶ በጎሚኒውና በቱቦው መካከል በቀስታ ሲገባ አየሩ ሽ ብሎ ይወጣል። ቱቦውን ሊጭር የሚችል ብረት በፍጹም አይገባም።

የሾኩን ንፋስ በሾክ መንፊያ ማስተካከል ቀላል ነው፤ ሙሉ ልብስና ቦርሳ ይዞ ሲቀመጡበት ቱቦው ላይ ያለው ጎሚኒ ቀለበት ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ከወረደ ልክ ነው። ሾክ አምራቹ ሮክሾክስ የታችኛው እግር ዘይት በየ50 ሰዓት ጉዞ እንዲቀየር ያዛል። በበጋው አቧራ ይህን ማዘግየት ቱቦውን ያስበላል።

አሁን ስለ ዋልካ። ጃማና ወረኢሉ አካባቢ ጥቁሩ አፈር በበጋ እንደ አስፋልት ነው፤ ሃርድቴይል እዚያ ላይ ሲሄድ ደስ ያሰኛል። ዝናብ ሲነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ጎማው አንድ ዙር ሲዞር አፈሩን ጠቅልሎ ያነሳል፣ ሁለተኛው ዙር ጭድና ጠጠር ይጨምርበታል፣ በአሥረኛው ጎማው በኋላው እግር መካከል ተሰንቅሮ ይቆማል። ብስክሌቱ ሁለት እጥፍ ይመዝናል። በዚህ ጊዜ በግድ መርገጥ ትልቁ ጥፋት ነው፤ ጭቃው ማርሽ ቀያሪውን ወደ ኋላ ይዞት ይሄድና ወደ ራጂዎቹ ያስገባዋል። ቀያሪው የተንጠለጠለበት ጆሮ ይሰበራል፤ አንዳንዴ ራጂም አብሮ ይሄዳል። ወርዶ፣ ጭቃውን በእንጨት ፍቆ፣ ከመንገዱ ዳር ሣሩ ላይ መግፋት ነው፤ ሣር ጭቃውን ይጠርገዋል። ሲገዛም በጎማውና በቴላዮው መካከል በየጎኑ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖሩን በማስመሪያ መለካት ነው። በበልግና በክረምት ወደዚያ የሚሄድ ሰው ጠዋት ሰማይ አይቶ ይወስን።

ካቴና ከዚህ ብስክሌት ርካሽ ዕቃዎች አንዱ ነው፤ ችላ ከተባለ ግን ውዱን ካሴት ይዞ ይሞታል። ባለ 12 ማርሽ ካቴና በ0.5 በመቶ ሲረዝም መቀየር አለበት። መለኪያው ባይኖር የብረት ማስመሪያ ይበቃል። የማስመሪያው ዜሮ አንድ ፒን መሃል ላይ ይደረግና 12 ኢንች ላይ ያለው ፒን ይታያል። አዲስ ካቴና ላይ የፒኑ መሃል ልክ 12 ላይ ያርፋል፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ካለፈ አልቋል። በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ የካቴና ዘይት ይደረግና ውጩ በጨርቅ ይጠረጋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አቧራውን ወደ ማለስለሻ ሊጥ ይቀይረዋልና አይነካ። ነጭ ጋዙም ዲስኩ ላይ እንዳይረጭ የኋላ ጎማው ቀድሞ ይውለቅ።

ቴላዮውን ሲመርጡ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው የፔዳሉ መሃል ኩሽኔታ ነው፦ በጥርስ የሚጠመዘዘው በግፊት ከሚገባው ይሻላል፤ የሚገፋው አቧራ ሲገባበት መንቋቋቱ አይቀርም፣ ማውጫውም ልዩ መሣሪያ ነው። የሚጠመዘዘውም ቢሆን የቀኙ ጥርሱ ግራ ነው፤ ለማውጣት ወደ ቀኝ ይዞራል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ በቱቦ አስረዝሞ እየታገለ የቴላዮውን ጥርስ ያበላሻል። የግራ ፔዳልም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው የማርሽ ቀያሪው ማንጠልጠያ ጆሮ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ቴላዮ የራሱ ነበረው፤ ስራም በ2019 ሁሉም ሊጠቀምበት የሚችል አንድ ዓይነት አውጥቶ ብዙ ፋብሪካዎች ተቀብለውታል። እሱን የሚቀበል ቴላዮ ካለ ይመረጥ። ካልሆነም ሁለት ትርፍ ጆሮ ከብስክሌቱ ጋር ካልተሸጠ ዋጋውን አትክፈሉ። ከእነሱ ጋር ሁለት የ12 ማርሽ ካቴና ማገናኛ፣ ሁለት ጥንድ የፍሬን ሸራና ከ2.5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ያለው ብሩጎላ ይግባ። የመሪውና የኮርቻው ምሰሶ ቡሎኖች 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃቸዋል፤ በረጅም ቁልፍ ማጥበቅ ጥርሱን ይቆርጣል።

የሺማኖ የጎማ መሃል ብዙ ጊዜ ኳሱ የሚታይ፣ በግራሶ የሚሠራ ነው። ለአሮጌ ብስክሌት ጠጋኞች አዲስ አይደለም፤ ቀጭን ቁልፍ ይዞ መሄድ ብቻ ነው።

በመኪና ጣሪያ ላይ ሲጫን፦ ሁለቱም ጎማ ይውለቅ፣ ማርሽ ቀያሪው ወደ ላይ ይሁን፣ ዲስኮቹ በካርቶን ይሸፈኑ። ጎማ ሳይኖር ማኔላው ከተጨበጠ ሸራዎቹ ተገናኝተው ይጣበቃሉ፤ ስለዚህ በመካከላቸው የታጠፈ ካርቶን ይግባ። ገመዱ የሚያልፈው በኮርቻው ምሰሶና በመሪው አንገት ላይ እንጂ በላይኛው ቱቦና በፍሬን ሽቦው ላይ አይደለም። ረዳቱ ሌላ ጭነት ሲደርብ ከላይ ጆንያ እንጂ ጀሪካን እንዳይመጣበት ቆሞ ማየት ይገባል።